ከዘንባባ የወደቀው ልጅ፦ በኮሮና ሰሞን የአንድ ክንድ ስብራት የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ባሕር ዳር ውስጥ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ብዙ የተሰበረ እጅ አይቻለሁ። ይህኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጁን ኮሮና አልያዘውም። ከቤተሰቡም የታመመ ሰው አልነበረም። ሆኖም እጁን የጎዳው ወረርሽኙ ነው ብል አላጋነንኩም። ቫይረሱ ሳይደርስበት ፍርሃቱና የመንገዱ መዘጋት ደረሱበት።

ከመጻፌ በፊት እናቱን አስፈቅጃለሁ። «ሌላ እናት ትሰማው ይሆናል፤ ጻፊው» አለችኝ። የሰው ስም አልጠቅስም። ቀበሌውንና ሆስፒታሉንም ትቻቸዋለሁ። የሚጠቅመው የነገሩ አካሄድ ነው።

ያ ሰሞን እንዴት ነበር

ኮሮና ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከመጋቢት 22 ጀምሮ ባሕር ዳርን ጨምሮ በአማራ ክልል አራት ከተሞች ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተገደበ። መጋቢት 30 በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ባጃጅ ከመንገድ ጠፋ። ወደ ገዳማቱና ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልሱት ጀልባዎች ዳር ላይ ታስረው ቆሙ።

በደህናው ጊዜ የእኛን ክፍል የሚሞላው የመኪና አደጋ ነው። ባጃጅ የተገለበጠበት፣ ሞተር የገጨው፣ ከአይሱዙ ላይ የወደቀ። በእነዚያ ሳምንታት ኮሪደሩ ጭር አለ። መጀመሪያ ላይ እፎይ አልን። መኪና ካልሄደ የሚገጭ ሰው የለም፤ ይህ እውነት ነው፤ በሌሎች አገሮችም የታየው ይኸው ነበር። ግን ጉዳት አልቆመም። ቦታ ቀየረ እንጂ። ወደ ቤትና ወደ ጓሮ ገባ። ጣራ ሊጠግን የወጣ አባወራ፣ ውኃ ስትቀዳ ያዳለጣት አሮጊት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ የሚውል ልጅ። ከእነዚህ ስንቱ ሳይመጣ እንደቀረ የገባን ዘግይቶ ነው።

በእኛም በኩል ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። ቀጠሮ የተያዘላቸው ቀዶ ሕክምናዎች ቆሙ። ይህ የእኛ ብቻ አልነበረም። በወቅቱ የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት ወረርሽኙ በበረታባቸው 12 ሳምንታት በዓለም ዙሪያ 28 ሚሊዮን ገደማ ቀዶ ሕክምናዎች ይሰረዛሉ ወይም ይራዘማሉ ብሎ ነበር። ለውሳኔው ምክንያት ነበረው። በ24 አገሮች 1,128 ታካሚዎች የታዩበት ጥናት እንዳሳየው፣ በቀዶ ሕክምና ሰሞን ቫይረሱ ከተገኘባቸው ውስጥ ወደ ሩብ የሚጠጉት በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። አልጋ፣ ኦክስጅንና ማስክም ለሚመጣው መቆጠብ ነበረበት። እኛም በሁለት ቡድን ተከፍለን ተራ በተራ እንገባ ነበር፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው እንዲተርፍ።

ድንገተኛ ክፍሉ ግን አልተዘጋም። ለተሰበረ ሰው ሁሌም ክፍት ነበር። ይህንን እኛ እናውቃለን። ገጠሩ አያውቅም። በሬዲዮ የሚሰማው «ቤት ይቆዩ» የሚል ነበር። «አጥንት ከተሰበረ ግን ይምጡ» ያለው ማንም የለም። እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ልጁ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ቤታቸው በዘጌ በኩል ባለው የጣና ዳርቻ፣ ቡናው ደን ውስጥ ነው። ቀኑ ሚያዝያ 3፣ የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። በዚያ ዓመት ምእመኑ ቤቱ ሆኖ እንዲጸልይ ተነግሯል። ልጆች ግን ዘንባባ መቁረጣቸውን አልተዉም። ለቀለበት የሚሆን ለጋ ቅጠል ፍለጋ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እግሩ አዳለጠውና በቀኝ እጁ ተደግፎ ወደቀ። ክንዱ ከእጅ አንጓው በላይ ጎበጠ። ቆዳው አልተቀደደም። በኋላ በራጅ እንዳየነው ሁለቱም የክንድ አጥንቶች ተሰብረው ነበር።

እንዲህ ያለው ስብራት በልጅ ላይ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይድናል። ማደንዘዣ ተሰጥቶ ይቃናል፣ ጀሶ ይደረግለታል፣ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ጀሶው ይነሳል። ያ ሰሞን ባይሆን የዚህ ልጅ ታሪክ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር።

ቤተሰቡ ተመካከረ። አባት ሆስፒታል እንውሰደው አለ። አያት አይሆንም አሉ። «ለእጅ ብላችሁ ነፍሱን ልታሳጡት ነው? እዚያ ያለው ኮሮና ነው» አሉ። ሌላም ፍርሃት ነበር። ልጁ ቢያተኩሰው ሁሉንም ለይቶ ማቆያ ያስገቧቸዋል የሚል ወሬ በሰፈሩ ተሰምቷል። ልጁን በደንገል ታንኳ እናሻግረው የሚል ሐሳብም ተነሳ። በመቅዘፊያ ግማሽ ቀን ይፈጃል ተብሎ ቀረ። ስለዚህ ቅርብ ወዳሉት ወጌሻ ሄዱ።

ወጌሻው በአካባቢው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ ወለምታና ውልቃት መልሰዋል። ክንዱን በቅቤ አሽተው ጎትተው አቃኑት። ከዚያ ሸምበቆ ሰንጥቀው ዙሪያውን ደረደሩና በጨርቅና በገመድ አሰሩት። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ሌሊቱ

የተሰበረ ክንድ ወዲያው አብጦ አይጨርስም። እብጠቱ እየቆየ ነው የሚጨምረው። ማሰሪያው ደግሞ አይለጠጥም። ውስጥ ያለው ጡንቻ በማይለጠጥ ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ፣ ሲያብጥ ግፊቱ ወደ ራሱ ይዞራል። ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይጨፈለቃሉ። ጡንቻው ደም ያጣል። ኮምፓርትመንት ሲንድሮም የምንለው ይህ ነው። ጡንቻ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ የማይመለስ ጉዳት ይጀምራል።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ልጁ ይጮኽ ጀመር። ሰው ወደ ወጌሻው ተላከ። «አጥንት ሲገጥም ያማል፤ አትንኩት» የሚል መልስ መጣ። እኩለ ሌሊት ላይ ጣቶቹ እንደ ቋሊማ አብጠው ቀዘቀዙ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጁ ጸጥ አለ። «ጣቴ አይሰማኝም» አለ። እናቱ የደነገጠችው ያኔ ነው። ጩኸቱ ሲቆም። ቤተሰቡን ሳታስፈቅድ ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደወለች። ባለሙያዋ እኔ ዘንድ ደወለች፤ በአንድ ሥልጠና ላይ ተዋውቀን ቁጥሬን ይዛ ነበር።

«ሲስተር፣ ይቅርታ በሌሊት» አለችኝ። ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ቀጥ ማድረግ ሲሞከር ምን እንደሚል ጠየቅኋት። እናቲቱን በሌላ ስልክ አቆይታ ጠየቀችልኝ። በጣም ይጮኻል አለች። ይህ ምልክት ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ጥፍሩ ሲጫን ቀይነቱ ይመለሳል ወይ አልኩ። እየቆየ ነው አለች።

«አሁኑኑ ቁረጪው በያት» አልኩ። «ገመዱን፣ ጨርቁን፣ ሸምበቆውን፣ ቆዳው እስኪታይ ድረስ ሁሉንም። እጁን ከልቡ እኩል ታድርገው፤ በጣም ከፍ አታድርገው። አይታሽ። ምግብ አትስጠው፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። ሲነጋ ሳይሆን አሁን መኪና ፈልጉ።»

እናቱ በቢላ ቆረጠችው። አያቱ ተቆጡ። እሷ አልሰማችም። በሰላሳ ደቂቃ ውስጥ ጣቶቹ ትንሽ ሞቁ። ሕመሙ ግን አልሄደም። የዚህን ልጅ እጅ ከመቆረጥ ያተረፈው ከሁሉ በፊት ያ ቢላ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀዶ ሐኪሙም በኋላ ያለው ይህንኑ ነው።

መንገዱና በሩ

የወረዳው አምቡላንስ በኮሮና ሥራ ተይዟል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቀበሌውን ሊቀመንበር ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው። የይለፍ ወረቀት ጻፈና ፒካፕ ያለውን ሰው አስነሳ። ጎሕ ሲቀድ ተነሱ። በኬላ ሁለት ጊዜ ቆሙ። ሦስት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ደረሱ።

እዚህ ላይ የኔን ስህተት መጻፍ አለብኝ። ልጁ እየመጣ እንደሆነ ለድንገተኛ ክፍሉ ደውዬ ነበር። በሩ ላይ ድንኳን ውስጥ ሙቀት ለሚለኩት ግን አልነገርኩም። በሩና ድንገተኛ ክፍሉ የየራሳቸው ሠራተኛ ነበራቸው። የልጁ ሙቀት ሲለካ 37.9 ሆነ። ስብራት ያለበት፣ ጡንቻው የተጎዳ፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ማተኮሱ አይገርምም። በወረቀቱ ሕግ ግን ተጠርጣሪ ነው። ወደ ጥግ ተወስዶ ናሙና እስኪወሰድለት እንዲጠብቅ ተደረገ። አባትየው «እጁን እዩት» እያለ ይለምን ነበር። የሚያየው ሰው ግን የሙቀት መለኪያውን ነበር የሚያየው።

አንድ ሰዓት ተኩል ጠፋ። እኔ ደርሼ ፈልጌ ሳገኛቸው እናትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጁን ጣቶች በትንፋሿ ታሞቃለች። በሩ ላይ የነበሩትን ወጣት ሠራተኞች አልወቅስም። እነሱም ፈርተዋል፤ አንዱን ማስክ ለቀናት ነበር የሚያደርጉት። የተሰጣቸው መመሪያ ስለ እጅና እግር ምንም አይልም።

ቀዶ ሕክምናው

ተረኛው የአጥንት ሐኪም የምርመራ ውጤት አልጠበቀም። «ቢኖርበት እንኳ እንደያዘው ቆጥረን እንሥራ» አለ። ውጤት እስኪመጣ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችል ነበር። ክፍሉ ውስጥ አስፈላጊ ሰዎች ብቻ ቀሩ። ሁሉም ሙሉ መከላከያ ለበሰ። ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ማስገባት ጠብታ ስለሚበትን፣ ማደንዘዣ ባለሙያው በኬታሚን ልጁ በራሱ እየተነፈሰ እንዲተኛ አደረገ። ስድስት ሰዓት ላይ ተጀመረ።

የክንዱ ቆዳና የጡንቻው ሽፋን በርዝመት ተከፈተ። ጡንቻው ታፍኖ እንደቆየ ነገር ወደ ውጭ ወጣ። አብዛኛው ቀስ እያለ ቀላ። ጥልቅ ከሆኑት ጣት አጣፊ ጡንቻዎች የመሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ግን አልቀላም። ግፊቱ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳውም ያንን ስፍራ ነው። የሞተው ተነሳ። ቁስሉ ሳይሰፋ በእርጥብ ፋሻ ተሸፈነ። ክንዱ ከኋላ ብቻ በሚይዝ ግማሽ ጀሶ ተደገፈ።

ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ተከፍቶ ታየ። አጥንቶቹ በቀጭን ሽቦ ተያዙ። በሳምንቱ ከታፋው ቆዳ ተወስዶ ክፍት የቀረው ቦታ ተሸፈነ። የኮሮና ምርመራው ነፃ ነው የሚል ውጤት የመጣው ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ በማግስቱ ነው።

ፋሲካን ሆስፒታል ዋሉ። አስታማሚ አንድ ብቻ ስለሚፈቀድ አባት በር ላይ ዳቦውን አቀብሎ ተመለሰ። ለእኛ አገር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ታማሚ የሚድነው በዘመድ ነው ብለን ያደግን ነን።

ከሆስፒታል በኋላ

ቶሎ እንዲወጣ ተደረገ። አልጋ ያስፈልግ ነበር፤ ለልጁም ቤቱ ይሻለዋል። ክትትሉን በስልክ አደረግነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቁስሉን ፋሻ ትቀይራለች፣ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔ ለሐኪሙ አሳያለሁ። ይህ ከጠበቅነው በላይ ሠራ። ቁስሉ አንድም ጊዜ አልመረቀዘም።

የጣት እንቅስቃሴው ግን እንዲያ አልሆነም። እናቱ ባለችው ዘዴ ሞከረች። የደረቀ ቡና ትሪ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ እንዲለቅም ታደርገዋለች። ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ያስፈልገው ነበር፤ የሰጠነው ድጋፍ በሁለተኛው ሳምንት ጠበበው። ለማስተካከል መምጣት ነበረባቸው። ትራንስፖርት በግማሽ ሰው ስለሚጫን ታሪፉ እጥፍ ሆኗል። ፊዚዮቴራፒ ተመላላሽ አይቀበልም። ሁለት ቀጠሮ አለፋቸው። በፎቶ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። ጣት አልዘረጋም እያለ መሄዱን ፎቶ አያሳይም፤ እጅ ይዞ ማየት ያስፈልጋል። ክረምቱ ሲገባ ባየሁት ጊዜ ሁለቱ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል።

ምን ተማርን

በእኛ በኩል መጀመሪያ የተቀየረው በሩ ነው። ሙቀት ከመለካት በፊት «የተሰበረ፣ የሚደማ፣ ጣቱ የቀዘቀዘ አለ?» ተብሎ ይጠየቅ ጀመር። አለ ከተባለ ታማሚው ማስክ ተደርጎለት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይገባል፤ ጥርጣሬው እዚያ ይጣራል። አዲስ ዕቃ አልተገዛም፤ አዲስ ሰው አልተቀጠረም። የጥያቄዎቹ ተራ ብቻ ተቀየረ። ሌላ ቦታ ያሉ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ብቻ ይውሰዱ ቢባል ይህንን እመርጥላቸዋለሁ። ወረርሽኝ ባይኖርም፣ በሩ ላይ ያለው ሰው ስለ እጅና እግር እንዲያውቅ አድርጉ።

ሁለተኛው መልእክቱ ነው። ቤት ይቆዩ ስንል ለምን እንደሚወጣ አብረን መናገር ነበረብን። ምጥ የያዛት፣ የተሰበረ፣ ደም የሚፈሰው ይውጣ። ይለፍ ወረቀቱን ማን እንደሚሰጥ፣ መኪናው የማን እንደሆነ ቀበሌው አስቀድሞ ይወቅ። የዚህ ልጅ ቀበሌ ያንን ሌሊት በግል ትውውቅ ነው የተወጣው። ባለሙያዋ የስልክ ቁጥሬ ባይኖራትስ ኖሮ?

ክትትልን በስልክ ማድረግ ለቁስል ይሆናል። ለመገጣጠሚያና ለጅማት አይሆንም። አንድ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ጣቱን በእጁ መዘርጋት አለበት። ይህንን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአንድ ከሰዓት ማሳየት እችል ነበር። ሐሳቡ የመጣልኝ ዘግይቶ ነው።

አልጋና ማስክ ለመቆጠብ ብለን ቀዶ ሕክምናን ስንገድብ በብዙ አገር ያሉ የአጥንት ሐኪሞችም እንደ እኛ አድርገዋል፤ በሽቦ የሚያዘውን በጀሶ ይዘዋል፣ የሚቆየውን አቆይተዋል። ጀሶ የሚቀበል ስብራት ብዙ ነው። ደም ያጣ ጡንቻ ግን ነገ አይልም።

ወጌሻው ዘንድ

በሐምሌ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ወጌሻው ቤት ሄድን። ልንከሳቸው አልነበረም። እንደዚያ ብናደርግ ኖሮ ሰው በድብቅ ይሄድላቸው ነበር። ሰውየው ቀድመው ተናገሩ። «ልጄ፣ በዚያ ወር የመጣብኝን ሰው በዓመት አይቼው አላውቅም» አሉኝ። «ሁሉም ሆስፒታል ፈርቶ እኔ ላይ ወደቀ። እኔስ የት ልላከው?»

መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነበር።

ያን ቀን የተነጋገርነው ጥቂት ነገር ነው። ቆዳ የቀደደ ስብራት አይነካም። ሲታሰር የአሳሪው አንድ ጣት ከማሰሪያው ሥር እስኪገባ ድረስ ይላላ፤ የታማሚው ጥፍሮች ሁሉ ይታዩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይታይ፣ ከመተኛት በፊትም ይታይ። ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ ይፈታና ይላክ። የኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ቁጥር በልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አስመዘገብን። ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ላኩልን። አንደኛው በወደቀ በሦስተኛው ሰዓት ደረሰ። ክርኑ ነበር፤ ተስተካክሎ በማግስቱ ወጣ።

የመጀመሪያው ልጅ ዛሬ በቀኝ እጁ ይጽፋል። እርሳሱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይይዛል። ባልዲ ሲያነሳ ግን እጁ ቶሎ ይደክመዋል፤ ሁለቱ ጣቶችም አይዘረጉም። ጅማቶቹን የሚያስረዝም ቀዶ ሕክምና ይረዳዋል ተብሎ ወረፋ ተያዘለት። ወረፋው በኮሮና ሰሞን የተራዘሙት ሁሉ ያሉበት ነበር። ከጥቅምት 2013 ወዲህ ደግሞ በሰሜኑ ጦርነት የቆሰሉት ቀደሙ፤ መቅደምም ነበረባቸው። እናቱ በየሁለት ወሩ ትደውላለች። «ሲስተር፣ ተራችን ደረሰ?» ትለኛለች። ዝርዝሩን አይቼ ከፊቱ ስንት ሰው እንደቀረ እነግራታለሁ።